ጀልባ የገባበት ትዳር

እናንተዬ! ሰው መኪናው አርጅቶ እያለ ጀልባ ይገዛል? የእኔ ወንድም ገዛ! ነገሩ እንዴት እንደሆነ ቁጭ በሉና ላጫውታችሁ።

የምኖረው እዚህ አሜሪካ፣ ሜሪላንድ፣ ከታላቅ ወንድሜ ቤት ነው። ጋሼ ነው የምለው። ከሰፈራችን በመኪና አንድ ሰዓት ያህል ሲኬድ ቼሳፒክ የሚባለው ትልቅ የባሕር ወሽመጥ ይገኛል። አንድ የሥራ ባልደረባው እዚያ ወስዶ በሸራ ጀልባ ካንሸራሸረው ወዲህ የጋሼ ልብ እዚያው ቀረ። አምና ሚያዝያ ላይ ማንንም ሳያማክር አንዲት ያገለገለች ካታሊና 22 በተጎታች ጭኖ መጣና ደጃፋችን ላይ ገተራት። ርዝመቷ ስድስት ሜትር ተኩል ገደማ ነው። ከሆዷ ሥር ያለው ከባድ የብረት ክንፍ ወደ ላይ ስለሚታጠፍ ተጎታች ላይ ለመጫን ትመቻለች፤ ጥልቀት በሌለው ውሃም ትሄዳለች። ይህቺ የጀልባ ዓይነት ከ1969 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በብዙ ሺህ ስለተሠራች አሮጌዋ እንደ ልብ ናት። "በርካሽ አገኘኋት" አለ ጋሼ ደረቱን ነፍቶ።

ሚስቱ፣ እኔ እትዬ የምላት፣ በር ላይ ቆማ አየቻትና አንዲት ቃል ሳትተነፍስ ወደ ውስጥ ገባች።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልንገራችሁ። እትዬ ታናሽ ወንድም ነበራት። ከዓመታት በፊት ከቦሳሶ ወደ የመን ሲሻገር የተሳፈረባት ጀልባ ሰጠመች። አስከሬኑ እንኳን አልተገኘም። ስለዚህ ለእሷ ጀልባ ማለት መዝናኛ ሳይሆን መርዶ ነው። ጋሼ ይኼን አሳምሮ ያውቃል። ግን "ያ ሌላ፣ ይኼ ሌላ" ብሎ አለፈው። ወንዶች ሆይ፣ ጥፋታችሁ የሚጀምረው እንዲህ ካለችው ቃል ነው!

ከዚያማ ዕቃ ማሟላቱ ተያዘ። መጀመሪያ የገዛው ምን መሰላችሁ? ድምፅ ማጉያ! ቀጥሎ ዓሣ ያለበትን የሚያሳይ መሣሪያ፣ ቀጥሎ የካፒቴን ኮፍያ። የሕይወት አድን ጃኬት ግን ከጀልባዋ ጋር የመጡ ሁለት ብቻ ነበሩ።

ሐምሌ ላይ እትዬ "በቁሜ አልገባባትም" ስላለች ጋሼ፣ የዘጠኝ ዓመት ልጃቸውና እኔ ወጣን። ሦስት ሰው፣ ሁለት ጃኬት። ጠዋት ውሃው እንደ ዘይት የረጋ ነበር። ከሰዓት በኋላ በምዕራብ በኩል ሰማዩ ጠቆረ። እዚያ አካባቢ በሞቃቱ ወራት ነጎድጓድ የሚመጣው ሳይታሰብ ነው። ሸራውን አውርደን መልሕቅ ጣልን። መልሕቋ ግን አልነከሰችም፤ ነፋሱ እያንገላታ ወሰደን። ልጁ ጃኬቱን ለብሷል። ሁለተኛውን ጋሼ በግድ ለእኔ አጠለቀልኝና እሱ በሸሚዙ ቀረ። በመጨረሻ ጭቃ ላይ ሄደን ተቀመጥን። ቋጥኝ ቢሆን ኖሮ ይኼን ጽሑፍ ባላነበባችሁ! ነፋሱ ሲበርድ ክንፏን ወደ ላይ ሰብስበን ተላቀቅን።

ቤት የደረስነው ሌሊት ነው። እትዬ በር ላይ ቆማለች። ልጇን አቅፋ ቆየችና ጋሼን "ጃኬት ለብሰህ ነበር?" አለችው። አልዋሸም። ሦስት ቀን ሙሉ አላናገረችውም። ሻንጣዋን ልታነሳ ነው ብዬ እንቅልፍ አጣሁ።

በአራተኛው ቀን ወረቀትና እስክሪብቶ አምጥታ ፊቱ ቁጭ አለች። "ሽጣት አልልህም፣ ልጁም ወዷታል። ከእንግዲህ ግን ዕቃ የሚሟላው በእኔ ፍርሃት ልክ ነው" አለችው። ጸሐፊዋ እኔ ነበርኩ። ለምትፈልጉት ይጠቅማችሁ እንደሆን እነሆ፦

አንደኛ፣ ጃኬት። በሰው ቁጥር ልክ፤ ለልጅ ደግሞ በኪሎው ልክ። የአሜሪካ ሕግም ለእያንዳንዱ ተሳፋሪ አንድ እንዲኖር ያስገድዳል። ጋሼ ያን ቀን ሕግም ጥሶ ነበር ማለት ነው! ደግሞ ጃኬት የሚያድነው ሲለበስ እንጂ መቀመጫ ሥር ሲወሸቅ አይደለም።

ሁለተኛ፣ የመልሕቅ ገመድ። ውሃው ሁለት ሜትር ከሆነ፣ ከውሃው እስከ ጀልባዋ አፍንጫ ያለውን አንድ ሜትር ጨምሩበት። ሦስት ሆነ። በሰባት ሲባዛ 21 ሜትር ገመድ ትለቃላችሁ። ጋሼ የለቀቀው ስምንት ነበር! መልሕቋ ጫፍ ላይ ጥቂት ሜትር ሰንሰለት ይታሰር፤ ክብደቱ አስተኝቶ መሬቱን ያስነክሳታል።

ሦስተኛ፣ በእጅ የሚያዝ የባሕር ሬዲዮ። በ16ኛው መስመር ለእርዳታ ይጣሩበታል፤ የአየር ጠባይ ትንበያም ይሰሙበታል። ፊሽካ፣ የእጅ ባትሪ፣ የእሳት ማጥፊያና ባልዲም አይቅሩ።

አራተኛ፣ ተንቀሳቃሽ ሽንት ቤትና መጋረጃው። ትስቃላችሁ? ሴት ልጅ ጀልባ የምትጠላው ግማሹ በዚህ ምክንያት ነው!

አምስተኛ፣ ስንቅ። ለአንድ ሰው በቀን አራት ሊትር ውሃ። ወጥ ይደፋል፤ ቋንጣ ፍርፍርና ዳቦ ቆሎ ይሻላል። ቡና ከቤት ተፈልቶ በፔርሙስ ይያዝ። ከሰል ጀልባ ውስጥ ማቀጣጠል ፈጽሞ ክልክል ነው፤ በዚያች ጠባብ ክፍል ጭሱ ተኝታችሁ ይገድላችኋል።

ስድስተኛ፣ ተጎታቿ። ውሃ ውስጥ ስለምትነከር ኩሽኔታዋ ግራሶ አይጉደለው፤ ቅያሪ ጎማም ይኑራት። ምሰሶዋን ከማቆማችሁ በፊት ደግሞ ቀና በሉ። የኤሌክትሪክ ሽቦ ከነካች አለቀ!

ድምፅ ማጉያው? ተሸጠና ጃኬት ተገዛበት።

መስከረም ላይ እትዬ እሺ አለች። ጃኬቷን የለበሰችው ገና መኪና ውስጥ እያለን ነው፤ ማንም አልሳቀባትም። ሲመሽ ጸጥ ያለ ጥግ ይዘን መልሕቅ ጣልን። ገመዱን በክንዷ እየለካች ከልጇ ጋር ቆጠረች። ደግማም ቆጠረች። ከዚያ ቡና ቀዳሁላት። ውሃውን እያየች የጃኬቷን ማሰሪያ ጨበጥ አደረገችና "ለእሱ እንዲህ ያለች አንድ እንኳን ቢሰጡት…" አለች። አልጨረሰችውም። ጋሼ ኮፍያውን አውልቆ ሄዶ አጠገቧ ተቀመጠ። "ያ ሌላ፣ ይኼ ሌላ" አላለም።

ያን ሌሊት እትዬ ከነጃኬቷ ተኛች። ትተኛ! እኛም ከነጃኬታችን ተኛን።

እና ውድ አንባቢዎቼ፣ ጀልባም ሆነ ቤት ወይም መኪና፣ ዕቃ ማሟላት ስትጀምሩ መጀመሪያ "ከመካከላችን የሚፈራው ማነው?" ብላችሁ ጠይቁ። ፍርሃቱም ከየት እንደመጣ ስሙት። ኮፍያው በኋላ ይደርሳል።

ቸር እንሰንብት!