ሙቅ ውሃ በነቀምቴ መንገድ

ከአዲስ አበባ ተነሥቶ ወደ ወለጋ የተጓዘ ሰው ስለ መንገዱ ሲጠየቅ፣ ብዙውን ጊዜ የሚያወራው ስለ ተራራው፣ ስለ ጫካውና ስለ ቡናው ነው። እኔ ግን ዛሬ ውድ አንባቢን ላጫውት የፈለግሁት ከዚህ ሁሉ አነስ ስለሚል ጉዳይ ነው። ይኸውም ተጓዥም ሆነ ወደዚያ አገር የተዛወረ ሠራተኛ በየማለዳው የሚገጥመው የሙቅ ውሃ ነገር ነው።

መንገዱ ራሱ ጉዳዩን ያስተምራል። በሆለታ በኩል አልፈው አምቦ ሲደርሱ፣ ምድር ራሷ ያሞቀችውን ፍል ውሃ ያገኛሉ፤ ያንን ለማሞቅ ማገዶም የኤሌክትሪክ ቆጣሪም አላስፈለገም። ጉደርንና ጌዶን አልፈው ወደ ባኮ ሲወርዱ አየሩ ይሞቃል። ከዚያ እንደገና ሽቅብ ወጥተው፣ በጠቅላላው 330 ኪሎ ሜትር ያህል ከተጓዙ በኋላ፣ ከባሕር ወለል በላይ 2,000 ሜትር ግድም ከፍታ ላይ የተቀመጠችው ነቀምቴ ትቀበልዎታለች። የኩምሳ ሞረዳን ቤተ መንግሥት ለማየት የመጣ እንግዳ የከተማዋን ታሪክ ያደንቃል፤ በክረምት ማለዳ ግን ከቧንቧ የሚወርደው ውሃ እጁን ሲያደነዝዘው ሐሳቡ ሁሉ ወደ መታጠቢያ ቤቱ ይዞራል። ወደ ጊምቢ ጉዞውን ቢቀጥል የዴዴሳን ሸለቆ ያቋርጣል፤ በዚያ ቆላ ሙቅ ውሃ የሚመኝ ሰው ማግኘት ያስቸግራል። ዳገቱን ወጥቶ ጊምቢ ሲገባ ግን ምኞቱ ይመለስበታል።

በእነዚህ ከተሞች አልጋ ሲይዙ የመጀመሪያ ጥያቄዎ «ቢሻን ሆኣ ጅራ?» ቢሆን የሚፈርድብዎት የለም። በአፋን ኦሮሞ «ሙቅ ውሃ አለ ወይ?» ማለት ነው። መልሱም ብዙውን ጊዜ «ጅራ»፣ አለ፣ ነው። ነገር ግን ቁም ነገሩ መኖሩ ብቻ ሳይሆን ለስንት ሰው መብቃቱ ነው። አንዱ ቀድሞ ገብቶ ሲዘፍን ይታጠባል፤ ከኋላው ያለው ለብ ያለ ውሃ ይደርሰዋል፤ ሦስተኛው ደግሞ ሳሙና ተቀብቶ ሳለ ቀዝቃዛ ይወርድበታል። ያን ጊዜ ሁሉም ቦይለሩ ትንሽ ነው ብሎ ያማርራል። እስቲ ለቦይለሩ ጠበቃ እንቁምለት።

30 ሊትር የሚይዝ፣ 1,500 ዋት ኃይል ያለው ቦይለር እናስብ። የሚገባበት ውሃ 18 ዲግሪ ቢሆን፣ እስከ 60 ዲግሪ ለማሞቅ አንድ ሰዓት ያህል ይፈጃል። ሰው የሚታጠበው ግን በ60 ዲግሪ ሳይሆን በ40 ዲግሪ ግድም ነው፤ ስለዚህ ሙቁ ከቀዝቃዛው ጋር ይደባለቃል። ሒሳቡን ቢሠሩት ያ 30 ሊትር ለገላ የሚስማማ 57 ሊትር ውሃ ይወጣዋል። ኤሌክትሪክ ለመቆጠብ በማለት የሙቀት መቆጣጠሪያውን 45 ዲግሪ ላይ ቢያቆሙት ግን የሚገኘው 37 ሊትር ብቻ ነው። በተግባር ቀዝቃዛው ውሃ ከታች እየገባ ጥቂት ስለሚያበርደው ቁጥሩ መጠነኛ ቅናሽ ይኖረዋል፤ ትምህርቱ ግን አይለወጥም። ገንዳው ሳይሰፋ፣ አንዲት ቁልፍ በመዞሯ ብቻ አንድ ባልዲ ውሃ ይተርፋል ማለት ነው።

60 ዲግሪ ሌላም ጥቅም አለው። ለብ ብሎ ለብዙ ቀን የቆየ ውሃ ሌጂዮኔላ የሚባለው ሳንባን የሚያሳምም ባክቴሪያ ይመቸዋል፤ 60 ዲግሪ የደረሰ ውሃ ግን ይገድለዋል። ነገር ግን ይኸው ሙቀት የሰውን ቆዳ በጥቂት ሴኮንድ ያቃጥላል። ስለዚህ በባልዲ ሲያዘጋጁ አስቀድመው ቀዝቃዛውን፣ ቀጥለው ሙቁን ይጨምሩ፤ ይልቁንም ሕፃን ባለበት ቤት ይህ ደንብ ፈጽሞ ሊረሳ አይገባውም።

ሁለተኛው ምሥጢር አወራረዱ ላይ ነው። በደቂቃ 8 ሊትር የሚያፈስ ሻወር 57ቱን ሊትር በ7 ደቂቃ ይጨርሰዋል። ሳሙና ሲቀቡ ቧንቧውን የሚዘጋ ሰው፣ ወይም እንደ አባቶቻችን በባልዲና በጣሳ የሚታጠብ ሰው፣ 18 ሊትር ይበቃዋል፤ ስለዚህ ያው ቦይለር ለሦስት ሰው ይደርሳል ማለት ነው።

ሦስተኛው ሰዓቱ ነው። ምሽት ላይ በየቤቱ ምጣድ ሲሰካ የኤሌክትሪኩ ግፊት ይወርዳል። 220 ቮልት የነበረው ወደ 180 ሲወርድ የቦይለሩ ኃይል ወደ ሁለት ሦስተኛ ይቀንሳል፤ በአንድ ሰዓት ይሞቅ የነበረውም አንድ ሰዓት ተኩል ይወስዳል። ምጣዱ ከመሰካቱ በፊት ወይም ሌሊት ያሞቀ ሰው ግን፣ መብራት ቢጠፋ እንኳ ገንዳው ሙቀቱን ለሰዓታት ይዞ ይጠብቀዋል። እዚያው ሻወሩ ራስ ላይ የሚገጠመው ትንሽ ማሞቂያ ገንዳ ስለሌለው ውሃ አያጠራቅምም፤ እዚያ ላይ መፍትሔው ቧንቧውን አጥብቦ ውሃውን በቀስታ ማውረድ ነው። የመሬት ሽቦ ያልተዘረጋለት እንደሆነ ግን ሕይወት ያጠፋልና ለባለሙያ ሳያሳዩ አይንኩት። ባለ ገንዳውንም ቢሆን ከመታጠብዎ በፊት ማጥፋት ጥሩ ልማድ ነው። ውሃው ድፍርስ ወይም ኖራ የበዛበት ሲሆን ደግሞ ዝቃጩ ከታች እየተከማቸ ማሞቂያውን ያለብሰዋል፤ በዓመት አንድ ጊዜ በባለሙያ ማስጠረግ ዕድሜውን ያረዝማል።

ቦይለር የሌለው ቤትስ? በነቀምቴ ከፍታ ውሃ የሚፈላው በ93 ዲግሪ ግድም ነው፤ ቢሆንም አምስት ሊትር የፈላ ውሃ ከቀዝቃዛ ጋር ሲደባለቅ 17 ሊትር ለገላ የሚስማማ ውሃ ይሆናል። ስለዚህ ሙሉ በርሜል ለብ ለማድረግ ማገዶ መፍጀት አያስፈልግም፤ አንድ ብረት ድስት ከድኖ ማፍላት ለአንድ ሰው ይበቃል። ወለጋ የፊንጫ አገር ነው፤ በዚያ ምድር ወንዝ ከ1960ዎቹ ዓ.ም. አጋማሽ ጀምሮ መብራት ያመነጫል፤ የአመርቲ ነሼ ማመንጫም በ2004 ዓ.ም. ተመርቆ ተጨምሮበታል። ሆኖም በብዙ ቤት ውሃ የሚሞቀው ዛሬም በእንጨት ነው፤ እንጨቱም የሚመጣው በሴቶች ጀርባ ነው።

ወደ ዋናው ሐሳቤ የምመጣውም እዚህ ላይ ነው። አዲስ የተቀጠረ መምህር ወይም ጸሐፊ ወደ እነዚህ ከተሞች ሲዛወር፣ ብዙውን ጊዜ የሚከራየው አራት አምስት ክፍል ባለበት ግቢ ውስጥ አንዱን ነው፤ ቦይለር ቢኖር ለሁሉም አንድ ነው። በእንዲህ ያለው ግቢ ሙቅ ውሃ የሚያልቀው ሁልጊዜ በአንድ ሰው ላይ ነው። ያም ሰው ቢሮ የሚቸኩለው ጎረምሳ ሳይሆን፣ ከሁሉ ቀድማ ተነሥታ ግቢውን የምትጠርገው ልጅ ወይም ጓዳ ያለችው አራስ ናት። እነርሱ ወረፋ አይጋፉም፤ «አለቀብን» ብለውም አይጮኹም። ዝም ስለሚሉ የበቃቸው ይመስለናል።

ስለዚህ ውድ አንባቢ፣ ወደ ወለጋም ሆነ ወደ ሌላ ደጋ ቢዛወሩ፣ ባለቤቱ ትልቅ ቦይለር እንዲገዙ ከመጨቅጨቅዎ በፊት አንድ ምሽት ጎረቤቶችዎን ሰብስበው ሒሳቡን በወረቀት ያሳዩአቸው። ለእያንዳንዱ አንድ ባልዲ መድቡ፤ አራሷን አስቀድሙ፤ የመጀመሪያው ሲወጣ ማሞቂያውን መልሶ ያብራ። የተማረ ሰው ትምህርቱ የሚታወቀው ስለ ሙቀት በሚያወራው ሳይሆን፣ ከእርሱ በኋላ ለሚታጠበው ሰው በተረፈው ውሃ ነው።