ክንፍና ኩራት



የሰፈሬ ስም ጠመንጃ ያዥ ነው፤ ስሙ ራሱ ወታደር ወታደር ይላል። ልጆች ሳለን ከአሮጌው የልደታ አውሮፕላን ማረፊያ በኩል የሞተር ድምፅ ሲሰማ ለውሓችንን አስቀምጠን ወደ ደጅ እንሮጥ ነበር። አብራሪ መሆን ያልተመኘ ልጅ አልነበረም። እኔ የቁርኣን አስተማሪ ሆንኩ። ዛሬ ስለ አብራሪዎች የማወጋችሁ ግን ያለ ምክንያት አይደለም።

የጦር አብራሪ ሠልጥኖ ሲመረቅ ደረቱ ላይ የክንፍ ምልክት ይደረግለታል። ክንፉ የድካሙ ዋጋ ነው። ጥፋት የሚመጣው ባለ ክንፉ ሌላውን ባለ ክንፍ ማየት ሲያቅተው ነው። በአገራችን የአየር ኃይል ታሪክ መባቻ ላይ የሆነውን ልንገራችሁ።

ሁበርት ጁሊያን በትሪኒዳድ የተወለደ፣ በኒውዮርክ «የሀርለም ጥቁር ንስር» የተባለ ዝነኛ ሰው ነበር። በጥቅምት 1923 ዓ.ም. የአፄ ኃይለ ሥላሴ የዘውድ በዓል ሲቃረብ፣ ንጉሠ ነገሥቱ የሚሳሱለትን አውሮፕላን አስነሥቶ ከሰከሰው። ከአገር እንዲወጣም ተደረገ።

ጆን ሮቢንሰን ደግሞ የቺካጎ ሰው ነው። ከርቲስ ራይት የተባለው የበረራ ትምህርት ቤት ጥቁር በመሆኑ አልቀበልም ቢለው እዚያው በጽዳት ሠራተኛነት ገባ። ወለል እየጠረገ ትምህርቱን በጆሮው ለቀመ። በመጨረሻ ተቀበሉት፤ ተመርቆም እዚያው ጥቁር ተማሪዎችን አስተማረ።

በ1927 ዓ.ም. ክረምት የጣልያን ጦር ሊወርረን ሲዘጋጅ ሁለቱም አዲስ አበባ ነበሩ። ጁሊያን «በጋዜጣ ስሜን ያጠፋው ሮቢንሰን ነው» ብሎ ሆቴል ውስጥ ተደባደቡ። ጠላት በድንበር፣ ወንድማማቾች በቡጢ! ጁሊያን ጥቂት ወራት ቆይቶ አገሩን ለቆ ሄደ። ሮቢንሰን የአየር ኃይሉ አዛዥ ሆኖ መሣሪያ በሌላቸው አውሮፕላኖች መልእክትና መድኃኒት አመላለሰ። በ1936 ዓ.ም. ተመልሶ ኢትዮጵያውያን ወጣቶችን በረራ አስተማረ። በመጋቢት 1946 ዓ.ም. በአውሮፕላን አደጋ በደረሰበት ጉዳት እዚሁ አዲስ አበባ አረፈ።

ውድ አንባቢ ሆይ! ይህን ታሪክ ሳነብ ያፈርኩት በጁሊያን አይደለም፤ በራሴ ነው።

መድረሳ ሳለሁ አንድ ባልንጀራ ነበረኝ። ቁርኣንን ማን ቀድሞ ያኸትማል እያልን ስንሽቀዳደም ከረምን። ቀደመኝ። በኺትማው ቀን «ሆዴን አመመኝ» ብዬ ቀረሁ። ማታ እናቱ ድርሻዬን በሳህን ሸፍነው ላኩልኝ፤ አልቀመስኩትም። ከሦስት ወር በኋላ እኔም አኸተምኩ። እርሱ ግን ከቤተሰቡ ጋር ሩቅ አገር ሄዶ ነበር፤ እስከ ዛሬ አላገኘሁትም። ያን ቀን «ማሻአላህ፣ እንኳን ደስ አለህ» ማለት ምን ያህል ቀላል ነበር!

ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ.) ያማረ ልብስና ጫማ መውደድ ኩራት እንዳልሆነ፣ ኩራት ማለት እውነትን አለመቀበልና ሰዎችን መናቅ እንደሆነ አስተምረውናል። ክንፍን በደረት ላይ ማድረግ ነውር የለበትም፤ ቁርኣን አኸትሞ መደሰትም እንዲሁ። በሌላው ደስታ ሆድን መታመም ግን በሽታ ነው።

እናቶችና አባቶች! ልጃችሁ ከመድረሳ ሲመለስ «ስንተኛ ወጣህ?» ከማለታችሁ በፊት «ዛሬ ማን በረታ? ምንስ አልከው?» በሉት። የቀደመው ባልንጀራው ቤት ድግስ ካለም እጁን ይዛችሁ ውሰዱት፤ ከሳህኑም ይቅመስ።

አላህ ልባችንን ከኩራት ያጥራልን። አሚን።