አንድ ቀን በሮበን ደሴት

ኬፕ ታውን ሄዶ ቴብል ተራራን ሳይወጣ የሚመለስ ጎብኚ ጥቂት ነው። ከትዳር አጋራችሁ ጋር ከሄዳችሁ ግን አንዱን ቀን ለሮበን ደሴት አስቀሩት። ደሴቲቱ የታወቀችው ኔልሰን ማንዴላ ከ27 የእስር ዓመታቸው 18ቱን ስላሳለፉባት ነው። ለባልና ሚስት ደግሞ ሌላም የምትነግራቸው አላት፤ እስር የሚቀጣው የታሰረውን ብቻ እንዳልሆነ።

ጀልባው የሚነሣው በማንዴላ ስም ከተሰየመው የወደብ መሳፈሪያ ነው። ጉብኝቱ የባሕሩን መንገድ ጨምሮ ሦስት ሰዓት ተኩል ገደማ ይፈጃል። ደሴቲቱ ለእሷ ቅርብ ከሆነው የባሕር ዳርቻ የምትርቀው 7 ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ ነው። በመካከሉ ያለው ውኃ ግን ቀዝቃዛና ኃይለኛ ነው፤ ለእስር ቤትነት ያስመረጣትም ይኸው ነው።

ከጀልባው ወርዳችሁ በአውቶቡስ ስትዞሩ በደሴቲቱ ይኖሩ የነበሩትን የሥጋ ደዌ ሕሙማን መቃብር ታያላችሁ። ሮበርት ሶቡክዌ ከ1963 እስከ 1969 ከሌሎች እስረኞች ተነጥሎ ብቻውን የተያዘበትን ቤትም ታልፋላችሁ (ዓመቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ቀጥሎ ማንዴላና ጓደኞቻቸው ለዓመታት ድንጋይ የፈለጡበት የኖራ ካባ ይመጣል። ከነጩ ድንጋይ ላይ የሚያንጸባርቀው ፀሐይ የማንዴላን ዓይን ጎድቶታል።

በእስር ቤቱ ውስጥ የሚያስጎበኟችሁ ብዙውን ጊዜ ራሳቸው እዚያው የታሰሩ ሰዎች ናቸው። የማንዴላ ክፍል በጥቂት እርምጃ የሚያልቅ ጠባብ ክፍል ነው። እዚህ ለኢትዮጵያዊ ጎብኚ የሚቀርብ ታሪክ አለ። ማንዴላ በ1962 አዲስ አበባ፣ ኮልፌ፣ ወታደራዊ ሥልጠና ወስደዋል። ወደ አገራቸው በተመለሱ በጥቂት ጊዜ ውስጥ፣ በዚያው ዓመት ነሐሴ፣ ተያዙ።

ስለ ጠያቂዎች ሲነገራችሁ ግን ቆም ብላችሁ አዳምጡ። በእኛ አገር የታሰረን ሰው ስንቅ ይዞ መጠየቅ ወግ ነው። በሮበን ደሴት በመጀመሪያዎቹ ዓመታት የማንዴላ ዓይነት እስረኛ በስድስት ወር አንድ ጠያቂና አንድ ደብዳቤ ብቻ ይፈቀድለት ነበር። ጥየቃው ለግማሽ ሰዓት፣ መካከል ላይ መስኮት ተጋርዶ፣ ጠባቂ እየሰማ ነው። ከቤተሰብ ጉዳይ በቀር ማውራት ክልክል ነው። ለዚህች ግማሽ ሰዓት ዊኒ ማንዴላ ከጆሃንስበርግ ከ1,000 ኪሎ ሜትር በላይ ተጉዛ ትመጣለች። ማንዴላ እናታቸውንም የበኩር ልጃቸውንም በዚህ ዘመን አጡ፤ ለአንዱም ቀብር አልተፈቀደላቸውም። የባለቤታቸውን እጅ እንደገና የነኩት በ1984፣ ወደ ሌላ እስር ቤት ከተዛወሩ በኋላ ነው። ያኔ 21 ዓመት አልፎ ነበር።

ለመሄድ ካሰባችሁ ቪዛውን ቀደም ብላችሁ ጨርሱ፤ የጀልባውንም ቲኬት አስቀድማችሁ ግዙ። ባሕሩ ሲናወጥ ጉዞ ስለሚሰረዝ ጉብኝቱን ለመጨረሻው ቀን አታቆዩት። በበጋም ቢሆን ነፋስ የሚከላከል ጃኬት ያዙ። ልጆች ካሉ፣ ታሪኩን ጠይቀው የሚረዱበት ዕድሜ ላይ የደረሱትን ብትወስዱ ይሻላል።

በመመለሻው ጀልባ ላይ ስልካችሁን አስቀምጡና ጎን ለጎን ተቀመጡ። ወደ ከተማው ለመድረስ ግማሽ ሰዓት ወይም ትንሽ በለጥ ያለ ጊዜ ይወስዳል። እነዚያ ባልና ሚስት በስድስት ወር የሚያገኙት ጊዜ ይህን ያህል ነበር፤ ያውም ሳይነካኩ።