በጊምቢቹ የእጅ ስልክ ስለ መግዛት

ጊምቢቹ በሀዲያ ዞን የሶሮ ወረዳ ከተማ ናት። ከአዲስ አበባ የሚነሣ መንገደኛ በቡታጅራ አድርጎ ሆሳዕና ይገባል፤ ከሆሳዕናም፥ ጥንት ዋቸሞ ትባል ከነበረችው፥ ወደ ደቡብ ምዕራብ ዞሮ ይጓዛል። በግራና በቀኝ የሚታየው እንሰት ነው፤ ቤቱ ሁሉ ከእንሰቱ ጀርባ የተሸሸገ ይመስላል፤ ከዚያም ወዲያ የእህል ማሳና ባሕር ዛፍ ይከተላል። ሆሳዕና ከነሐሴ ወር 2015 ዓ.ም. ወዲህ የማዕከላዊ ኢትዮጵያ ክልል ርእሰ ከተማ ስለ ሆነች ታላቅ ጉዳይ ያለው ሰው ወደዚያ ይወጣል፤ ጊምቢቹ ግን በወረዳ ሥራዋና በገበያዋ ትኖራለች።

ይሁን እንጂ ይህን ለመጻፍ ያነሣሣኝ የአገሩ ልምላሜ አይደለም። በከተማዪቱ መንገድ ላይ ሲሄዱ ከእህል መደብሩና ከሻይ ቤቱ ቀጥሎ ዓይን የሚስበው የሞባይል ቤት ነው። ስልኮቹ በመስታወት ሣጥን ውስጥ እንደ ጌጥ ተደርድረው ይታያሉ፤ በደጃፉም ትንሽ ጠረጴዛ ዘርግቶ፥ ወስፌ የመሰለ መፍቻ ይዞ የተቀመጠ ጠጋኝ አይታጣም። የቤተሰብ ገጽ አንባቢዎች፥ ለልጆቻቸውና ለወላጆቻቸው ስልክ ሲገዙ የሻጩን ምስጋና ብቻ ሰምተው ገንዘባቸውን እንዳያወጡ፥ በዚያች ከተማ ያየሁትንና የሰማሁትን እነግራቸዋለሁ።

አስቀድሞ ስልክ በዚህ አገር ምን ያህል የከበረ እንደ ሆነ ማወቅ ይገባል። ከሀዲያና ከከምባታ ብዙ ወጣቶች ለሥራ ወደ ደቡብ አፍሪካ መሄድ ከጀመሩ ከሃያ ዓመት በላይ ሆኗል። በመንገድ የቀረ አለ፤ ደርሶ ሱቅ የከፈተ አለ፤ ቤት ሠርቶ ለወላጆቹ ያስረከበም አለ። የዚያ አገር ሰዓት ከእኛ በአንድ ሰዓት ወደ ኋላ ይቀራል፤ ስለዚህ ልጁ ሱቁን ዘግቶ ሲደውል እናቲቱ እራት በልታ እሳቱን አዳፍናለች። በቀድሞው ዘመን ደብዳቤ ወራት ይፈጅ ነበር፤ አሁን ግን የልጁ መልክ ከድምፁ ጋር ከመስታወቱ ውስጥ ይታያል። ስለዚህ ስልኩ የተበላሸ ዕለት በቤቱ ውስጥ ኀዘን የተቀመጠ ይመስላል።

ያሳደሩኝ እናት ሁለት ልጆች በዚያው አገር አሏቸው። አሮጌው ስልካቸው ሞቶባቸው ሦስት ሳምንት የልጆቻቸውን ፊት ሳያዩ ቆይተው ነበርና፥ በአተካና ካስተናገዱኝ በኋላ፥ «አንተ የመንግሥት ሰው ነህ፥ ልጄ፤ አብረኸን ገበያ ውጣ» አሉኝ። የሚናገሩት በሀዲይኛ ስለ ሆነ ልጃቸው ታስተረጕምልን ነበር።

ከሞባይል ቤቱ ስንደርስ ወጣቱ ባለ መደብር፥ «ጋሼ፥ የዚህ ካሜራው 50 ሜጋ ፒክስል ነው፤ ከለሩም አምስት ዓይነት አለው» እያለ ደረደረልን። እናቲቱ ዝም ብለው ሰሙና አንድ ጥያቄ ጠየቁ፤ «ስንት ዓመት ይኖራል? ሲታመምስ ማን ያክመዋል?» ባለ መደብሩ ሣቀ፤ መልስ ግን አልነበረውም። እንሰት ተተክሎ እስኪቈረጥ ዓመታት ስለሚፈጅ፥ በእንሰት አገር ያደገ ሰው ነገርን ሁሉ በዓመት መለካት ያውቃል። ከተማረው ይልቅ ያልተማረው የነገሩን ሥር ሲይዝ ማየት ለእኛ ለጸሐፊዎች ደስ የሚያሰኝም የሚያሳፍርም ነው።

የመጀመሪያው ጥያቄ፥ ማለት የዕድሜው ነገር፥ እንዲህ ነው። ከአይፎን በቀር በገበያ የሚገኘው የንክኪ ስልክ ሁሉ ለማለት በሚያስደፍር መጠን የሚሠራው አንድሮይድ በሚባል ሥርዓት ነው። ይህን ሥርዓት የሚያወጣው የአሜሪካው ጉግል ሲሆን፥ የመጀመሪያው የአንድሮይድ ስልክ ለገበያ የቀረበው በአውሮፓ አቈጣጠር በ2008 ነው። በሥርዓቱ ውስጥ በየጊዜው ለሌባ የሚመች ቀዳዳ ስለሚገኝ፥ ቀዳዳውን የሚደፍን ማሻሻያ ይታወጃል። እኔ የፍርድ ቤት ጸሐፊ ነኝና ምሳሌዬን ከሥራዬ እወስዳለሁ። አዋጅ በነጋሪት ጋዜጣ ታትሞ ቢወጣም፥ ጋዜጣው ከወረዳው ፍርድ ቤት ካልደረሰ ዳኛው በእጁ ባለው በአሮጌው ይፈርዳል። የአንድሮይድ ማሻሻያም ከጉግል ወጥቶ በስልኩ አእምሮ ሠሪ በኩል ያልፋል፤ ከዚያም ስልኩን የሠራው ኩባንያ ተቀብሎ ለየስልኩ ዓይነት አስማምቶ ሲልከው ነው ከባለቤቱ እጅ የሚገባው። ኩባንያው «ይህን ዓይነት ስልክ ትቼዋለሁ» ያለ እንደ ሆነ፥ አዋጁ ከዚያ ይቀራል። ስልኩም ይበራል፥ ይደውላል፤ ነገር ግን በሩ ሳይዘጋ ያድራል።

በሩ ባይዘጋስ ምን ይጎዳል የሚል ሊኖር ይችላል። ቴሌብር በግንቦት ወር 2013 ዓ.ም. ከተጀመረ ወዲህ፥ ኤም ፔሳም በነሐሴ 2015 ዓ.ም. ከተከተለ ወዲህ፥ ስልክ ቦርሳ ሆኗል። ደመወዝ፥ ዕቁብ፥ የትምህርት ቤት ክፍያ በእርሱ ያልፋል። ደግሞም እንደ ዋትሳፕ ያሉ መተግበሪያዎች በጣም ያረጀ ሥርዓት ያለውን ስልክ በየጊዜው እየተዉ ስለሚሄዱ፥ ደኅና የነበረ ስልክ አንድ ቀን የልጅን መልክ ማሳየት ሊያቆም ይችላል።

እንግዲህ ኩባንያዎቹ በዚህ ነገር እኩል አይደሉም። የደቡብ ኮርያው ሳምሰንግ በ2024 እ.ኤ.አ. ጋላክሲ ኤ16 የሚባለውን፥ ዋጋው መካከለኛ የሆነውን ስልክ ሲያወጣ የስድስት ዓመት ማሻሻያ ቃል ገብቶለታል። ቴክኖ፥ አይቴልና ኢንፊኒክስ ሦስት ስም ይኑራቸው እንጂ አባታቸው አንድ ነው፤ ትራንሽን የሚባል የቻይና ኩባንያ ነው። የእነዚህ በርካሾቹ ላይ የሚሰጠው የማሻሻያ ዘመን አጭር ነው። ነገር ግን ኩባንያውን መናቅ አይገባም። ሌሎቹ አፍሪካን ሳያስቡ ሁለት ሲም የሚይዝ፥ ባትሪው የሚቆይ፥ ካሜራው የጠቈረውን የፊት መልክ አጥርቶ የሚያነሣ ስልክ ያቀረበልን እርሱ ነው፤ በ2011 እ.ኤ.አ. በአገራችን መገጣጠሚያ አቋቁሟል፤ ፊደላችንንም በስልኩ ላይ ከጻፉልን አንዱ ነው።

ዋጋን ለማመዛዘን ለምሳሌ ያህል አንዱ ስልክ 12,000 ብር፥ ሌላው 20,000 ብር ነው እንበል። የፊተኛው ሁለት ዓመት፥ የኋለኛው አምስት ዓመት በደኅና ቢያገለግሉ፥ የፊተኛው በዓመት 6,000፥ የኋለኛው 4,000 ብር ያስወጣል። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ለገበያ ከተለቀቀ በኋላ አንድ ዶላር ከ57 ብር ገደማ ተነሥቶ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር በላይ ሆኗልና፥ ቶሎ ቶሎ ስልክ መለወጥ ለደመወዝተኛ ቤት ከባድ ዕዳ ነው። ነገር ግን የማሻሻያው ዘመን መቈጠር የሚጀምረው ስልኩ ዓይነቱ መጀመሪያ ለዓለም ከታየበት ቀን እንጂ እኛ ከገዛንበት ቀን አለመሆኑን ልብ ማለት ይገባል። በገበያ «ስላይትሊ ዩዝድ» እየተባለ የሚሸጠው ያገለገለ ስልክ መልኩ ቢያምርም፥ ዘመኑን በሌላ ሰው ኪስ ጨርሶ የመጣ ሊሆን ይችላል። በስልኩ ማስተካከያ ውስጥ ስለ ስልኩ የሚናገረውን ክፍል ከፍቶ የመጨረሻው የደኅንነት ማሻሻያ የገባበትን ቀን ማየት ይቻላል፤ ቀኑ ዓመት ያለፈው ከሆነ ሻጩ የፈለገውን ቢናገር ስልኩ የተተወ መሆኑን መጠርጠር ነው።

እስከዚህ ድረስ ነገሩ ለሳምሰንግ የሚያደላ ይመስላል። ነገር ግን የእናቲቱ ሁለተኛ ጥያቄ ቀርቶ ነበርና ከባለ መደብሩ ይልቅ በደጃፉ የተቀመጠውን ጠጋኝ ጠየቅሁት። «ጋሼ፥» አለኝ፥ «ማሻሻያ አጣሁ ብሎ ከእኔ ዘንድ የመጣ ሰው የለም፤ የሚመጣው ስልኩ ወድቆበት ነው።» መሳቢያውን ስቦ ያሉትን ስክሪኖች አሳየኝ፤ ከሞላ ጐደል ሁሉም በከተማዪቱ የበዙት የቴክኖና የአይቴል ነበሩ። የሌላውን ዓይነት ሆሳዕና ይጠይቃል፤ ሆሳዕና ከጠፋ ከአዲስ አበባ በመኪና እስኪመጣ ይጠበቃል፤ ሲመጣም አንዳንዱ ስክሪን ብቻውን የስልኩን ዋጋ እኩሌታ ያህላል አለኝ።

እነሆ ችግሩ ይህ ነው። ከሩቅ በአየር የሚመጣው እርዳታና በቅርብ በእጅ የሚገኘው እርዳታ በአንድ ስልክ ላይ ሁልጊዜ አይገናኙም። በአውሮፓ ኅብረት ከሰኔ 13 ቀን 2017 ዓ.ም. ጀምሮ አንድ ኩባንያ የአንድን ስልክ ሽያጭ ካቆመ በኋላ ማሻሻያውን ቢያንስ አምስት ዓመት እንዲሰጥ፥ መለዋወጫውንም ሰባት ዓመት እንዲያቀርብ ሕግ ያስገድዳል። ሕጉ በጊምቢቹ አይሠራም፤ ስለዚህ ገዢው ራሱ ዳኛ መሆን አለበት። ከደቡብ አፍሪካ በዘመድ እጅ የሚላከውም ስልክ እንዲሁ ነው፤ ዋስትናው ብዙ ጊዜ በተገዛበት አገር ብቻ የሚሠራ ሲሆን፥ ስክሪኑም በዚህ ገበያ የማይታወቅ ሊሆን ይችላል።

በእኔ አስተያየት፥ በቢሮ የሚውል፥ የባንክ ሒሳቡንና የሥራ ደብዳቤውን በስልኩ የያዘ ሰው ትንሽ ጨምሮ ረጅም ዘመን ቃል የተገባለትን ይግዛ፤ ስክሪኑንም በጠንካራ ሽፋን ይጠብቅ። በገጠር ቤት ለሚኖሩ ወላጆች ግን የጠጋኙ መሳቢያ ይቀድማል። ይህም ሲሆን ራሙ ከ4 ጊጋ፥ ማከማቻው ከ64 ጊጋ ባያንስ፥ ባትሪውም 5,000 ሚሊ አምፔር ሰዓት ቢሆን መልካም ነው፤ መብራት በጠፋ ጊዜ ባትሪ ከካሜራ ይበልጣል። ጎ እትም የተባለው ለአነስተኛ ስልኮች የተቀነሰ አንድሮይድ ለመደዋወል ይበቃል፤ በምስል ብዙ ለሚነጋገር ግን ትዕግሥት ያስጨርሳል።

እናቲቱ የገዙት ጠጋኙ ስክሪኑን በመሳቢያው የያዘለትን፥ በዚያ ዓመት የወጣውን ቴክኖ ነው። የገንዘቡን ነገር ግን ለይተን አኖርነው። ቴሌብር በኮከብ 127 መሰላል በቁልፍ ስልክም ስለሚሠራ፥ ገንዘቡ በትንሿ ባለ ቁልፍ ስልክ ቀረ፤ የልጆቹ መልክ በአዲሱ ይታያል። ምናልባት አዲሱ ከዓመታት በኋላ በሩ የማይዘጋ ቢሆን እንኳ ሌባው ገብቶ የሚያገኘው የሠርግ ፎቶግራፍ ብቻ ነው።

ከመደብሩ ሳንወጣ ቀኑ የተጻፈበትን ደረሰኝ ተቀበልን፤ ኮከብ መሰላል 06 መሰላል ብለንም የስልኩን 15 አኃዝ መለያ ቁጥር አወጣን። በሣጥኑ ላይ ከታተመው ጋር አንድ መሆኑን ካየን በኋላ ልጅቷ በደብተሯ ጻፈችው፤ እናቲቱም ሣጥኑን ከነደረሰኙ በነጠላቸው ጠቅልለው ያዙ።