አባትና ልጅ በአንበሳ ግቢ

ስጦታ መስጠት መልካም ነገር ነው። ነገር ግን የሚቀበለውን ሰው ሳያውቁ የሚሰጡት ስጦታ ብዙ ጊዜ ሸክም ይሆናል። ለተጠማ ሰው እንጀራ፥ ለተራበም ሰው ውኃ ብናቀርብለት፥ ያቀረብነው ነገር መልካም ቢሆንም ሰውየውን አልረዳነውም። ይህን ነገር አንድ የደምበጫ ሰው በብዙ ድካም ተማረው። የተማረውም ከሊቅ አይደለም፤ ሁለት ዓመት ከመንፈቅ ከሆነው ከገዛ ልጁ ነው እንጂ።

ደምበጫ በጎጃም፥ ከደብረ ማርቆስ ወደ ባሕር ዳር በሚወስደው መንገድ ላይ ያለች ከተማ ናት። በአገሩ ጤፍና በቆሎ በርበሬም ይበቅላል። ይህ ሰው በዚያ ገበሬ ነበረ። ጎልማሳ ሳለ አንድ ጊዜ ወደ አዲስ አበባ ሄዶ በስድስት ኪሎ የሚገኘውን የአንበሳ ግቢ አይቶ ነበር። ጥቁር ጎፈር ያለው አንበሳ ተነሥቶ ሲያገሣ በሰማ ጊዜ፥ ምድር ከእግሩ በታች የተንቀጠቀጠች መሰለችው። ከዚያም ቀን ጀምሮ፥ «እግዚአብሔር ልጅ ቢሰጠኝ ይህን አሳየዋለሁ» ብሎ በልቡ ቆረጠ። ልጅ ግን ቶሎ አላገኘም። ካገባ በዘጠነኛው ዓመት ወንድ ልጅ ተወለደለት፤ ደስታውም እጅግ ታላቅ ሆነ።

በ2005 ዓ.ም. በጥር ወር፥ እህሉ ከተሰበሰበ በኋላ፥ በርበሬውንና አንድ ሙክት ሸጦ ለጉዞው ገንዘብ አዘጋጀ። ለጎረቤቶቹም ሁሉ፥ «ልጄን አንበሳ ላሳየው ነው» እያለ ነገራቸው። አሮጊት እናቱ ግን ይህን ሰምታ እንዲህ አለችው፤

«ልጄ ሆይ፥ ሕፃኑ ገና ነው። ዛሬ ብትወስደው የምታየው አንተ ነህ እንጂ እርሱ አይደለም። ነፍስ ሲያውቅ እርሱ ራሱ ውሰደኝ ይልሃል።»

እርሱም፥ «እናቴ፥ አገር ሁሉ ሰምቷል፤ አሁን እንዴት እቀራለሁ?» ብሎ መለሰላት። እርስዋም ሌላ ነገር አልተናገረችም፤ ለመንገዳቸው ዳቦና ቆሎ አዘጋጀችላቸው።

ሌሊት ተነሥተው ከሚስቱና ከሕፃኑ ጋራ በአውቶቡስ ተሳፈሩ። ከደምበጫ እስከ አዲስ አበባ መንገዱ ከ300 ኪሎ ሜትር ይበልጣል። ደብረ ማርቆስንና ደጀንን ካለፉ በኋላ ወደ ዓባይ በረሃ ወረዱ። ይህ ሸለቆ ከአፋፉ እስከ ወንዙ ድረስ ከ1000 ሜትር በላይ ይጠልቃል፤ መንገዱም እንደ እባብ ይጠማዘዛል። ከላይ ብርድ፥ ከታች ሐሩር ነው። ሕፃኑ በመንገዱ መጠማዘዝ ታመመና የበላውን ሁሉ አስመለሰው፤ አለቀሰም። እናቱ በነጠላዋ አቅፋ ታባብለው ነበር። አባቱ ግን በመስኮት ወደ ውጭ እየተመለከተ ስለ አንበሳው ያስብ ነበር።

አዲስ አበባ በመሸ ጊዜ ደረሱ፤ በዘመዳቸውም ቤት አደሩ። ቤቱ ለሕፃኑ እንግዳ ስለ ሆነ፥ የመኪናውም ድምፅ ስላላስቻለው፥ ሌሊቱን ሁሉ እየባነነ አደረ። በዚህ ዕድሜ ያለ ሕፃን የቀኑና የሌሊቱ ተደምሮ 11 ሰዓት ያህል ወይም ከዚያ በላይ መተኛት እንደሚገባው ሐኪሞች ያስተምራሉ። እርሱ ግን የዚያን እኩሌታ እንኳ አልተኛም ነበር።

በማግሥቱ ማለዳ ወደ አንበሳው ግቢ ሄዱ። ይህ ግቢ በአውሮፓ አቆጣጠር በ1948 ዓ.ም. በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዘመነ መንግሥት የተቋቋመ ነው። በዚያ የነበሩት አንበሶች ጎፈራቸው ጥቁር ሆኖ እስከ ደረታቸውና እስከ ሆዳቸው ይወርድ ነበር። በአውሮፓ አቆጣጠር በ2012 ዓ.ም. ሊቃውንት የ15ቱን ዘር መርምረው፥ ከሌሎች አገሮች አንበሶች የተለዩ መሆናቸውን ገልጠዋል። እንግዲህ አባትየው ልጁን ሊያሳየው የፈለገው ነገር በእውነት ሊታይ የሚገባው ነገር ነበረ።

ቀኑ እሑድ ስለ ነበረ ሰው በዝቶ ነበር። አባትየው ልጁን ወደ ላይ አንሥቶ፥ «እነሆ፥ አንበሳ! እይ!» አለው። አንበሳው ግን ተኝቶ ነበር። አንበሳ ከአንድ ቀን 24 ሰዓት ውስጥ እስከ 20 ሰዓት ድረስ ተኝቶ ወይም ተጋድሞ ሊውል ይችላል፤ ይህም ጠባዩ ነው። ሕፃኑም ተኝቶ ያለውን አውሬ ከምድር ለይቶ አላወቀውም። በአጥሩ ላይ ያረፈች አንዲት ወፍ አየና በጣቱ ጠቆማት። አባትየውም፥ «ወፍ አይደለም! አንበሳውን እይ!» እያለ ፊቱን በእጁ ያዞርለት ነበር።

በዚያን ጊዜ አንበሳው ድንገት ተነሥቶ አገሣ። የአንበሳ ግሣት እስከ 8 ኪሎ ሜትር ድረስ ሊሰማ ይችላል፤ በቅርብ ለቆመ ሰው ግን ደረትን የሚያናውጥ ነው። አባትየው ከብዙ ዘመን ጀምሮ የናፈቀው ድምፅ ይህ ነበርና ፊቱ በደስታ በራ። ሕፃኑ ግን በታላቅ ጩኸት አለቀሰ፤ ጨርቁንም አረጠበ፤ በአባቱም አንገት ተጠምጥሞ ፊቱን ሸሸገ። አባትየው በሰው ፊት አፈረ። «ወንድ ልጅ አይፈራም!» ብሎ እጆቹን ከአንገቱ አላቀቀና እንደገና ፊቱን ወደ አንበሳው አዞረው። ሕፃኑም አብልጦ ጮኸ።

ከዚያ ወጥተው ለልጆች መጫወቻ ወደ ተሠራ ሌላ ስፍራ ሄዱ። እንዲህ ያለ የመጫወቻ ስፍራ በብዙ አገር ይገኛል። በዴንማርክ ዋና ከተማ በኮፐንሀገን ያለው ቲቮሊ የሚባለው የመዝናኛ አትክልት በአውሮፓ አቆጣጠር በ1843 ዓ.ም. ተከፈተ። በአሜሪካ አገር በቺካጎ ከተማም በአውሮፓ አቆጣጠር በ1893 ዓ.ም. ጆርጅ ፌሪስ የሚባል መሐንዲስ ቁመቱ 80 ሜትር ያህል የሆነ፥ ሰዎችን ተሸክሞ የሚዞር ታላቅ መንኰራኵር ሠርቶ ለሕዝብ አሳየ። በዚህ ስፍራ ደግሞ ዥዋዥዌና በዘፈን የሚሽከረከሩ የብረት ፈረሶች ነበሩ።

አባትየው፥ «አንበሳውን ቢፈራ በፈረሱ ደስ ይለው ይሆናል» ብሎ ቲኬት ገዛና ልጁን በአንዱ ፈረስ ላይ አስቀመጠው። ዘፈኑ ሲጀመርና ፈረሱ ሲንቀሳቀስ ግን ሕፃኑ እንደ ቀድሞው ጮኸ፤ ለመውረድም ተንፈራገጠ። በዙሪያው የቆሙት ሰዎች ሳቁ። በዚያን ጊዜ አባትየው የደከመበት መንገድ፥ የሸጠው ሙክት፥ የጎረቤቶቹም ጥያቄ በአንድነት በልቡ መጡበት። ልጁን ከፈረሱ ላይ አወረደና በእጁ መታው።

ሕፃኑ ወዲያው ዝም አለ። ከዚያም ቀን በፊት አባቱ መትቶት አያውቅም ነበር። ጥቂት ጊዜ የአባቱን ፊት ተመለከተ፤ ከዚያም በኋላ ሄዶ በእናቱ ነጠላ ውስጥ ገባ። አባትየው፥ «ና» ብሎ እጁን ቢዘረጋለት አልመጣም። በደምበጫ፥ አባቱ ከእርሻ ሲመለስ ከደጅ ሮጦ የሚቀበለው ይህ ልጅ ነበረ።

እናቱም በለሰለሰ ቃል፥ «ከትናንት ሌሊት ጀምሮ እንቅልፍ አላየም። ሆዱም ባዶ ነው። እባክህ እንረፍ» አለችው።

ከሕፃኑ ጫማ አንዱ ወድቆ በብረቱ ፈረስ አጠገብ ቀርቶ ነበር። አባትየውም ሊያነሣው ሄደ። ጫማውን ለማንሣት ቁጢጥ ባለ ጊዜ ራሱ ከልጁ ቁመት ጋራ ትክክል ሆነ። ቀና ብሎም ተመለከተ። የብረቱ ፈረስ ጥርሱን አግጥጦ ከላይ ወደ እርሱ ወረደበት። በዙሪያው የሰው እግር ብቻ ነበረ፤ ፊት አይታይም። የዘፈኑም ድምፅ በጆሮው ላይ ይጮኽ ነበር። እርሱም በልቡ፥ «ቆሜ ሳየው ይህ መጫወቻ ነበረ። ከዚህ ሲያዩት ግን ያስፈራል። እኔ በጎልማሳነቴ ያየሁትን አንበሳ ይህ ትንሽ ልጅ እንዴት አይቶት ይሆን?» አለ። ጫማውን በእጁ እንደ ያዘ ጥቂት ጊዜ ከዚያ አልተነሣም።

ከዚህም በኋላ ሦስቱም ከአንድ ዛፍ ጥላ በታች ተቀመጡ። ሕፃኑ የአያቱን ዳቦ በላና በእናቱ ጭን ላይ ተኛ። አባትየውም ፀሐዩ እንዳይደርስበት ጋቢውን ዘርግቶ ያዘለት። እንቅልፉ ረጅም ነበር፤ የአባቱም ክንድ ዛለ፤ ነገር ግን አልቀሰቀሰውም።

በነቃ ጊዜ ሕፃኑ ዙሪያውን ተመለከተ። በዛፉ አጠገብ ውኃ የሚያንጠባጥብ ቧንቧ ነበረ፤ ከሥሩም ትንሽ ኩሬ ተጠራቅሞ ነበር። አንዲት ወፍ መጥታ ከኩሬው ጠጣች፤ ራስዋንም ቀና እያደረገች ዋጠች። ሕፃኑ፥ «ወፍ!» አለና ሳቀ። ከትናንት ጀምሮ ሲስቅ ይህ የመጀመሪያው ነው። አባትየውም ቀስ ብሎ ሄዶ ከአጠገቡ ቁጢጥ አለ። ና አላለውም፤ እይ አላለውም፤ ሕፃኑ የሚያየውን ብቻ አብሮ ያይ ነበር። ወፊቱ ሄደች፤ ሌላ መጣች። ሕፃኑ ከውኃው ውስጥ አንድ ትንሽ ጠጠር አወጣና አገላብጦ ተመለከተው። በመጨረሻም እጁን ዘርግቶ እርጥቡን ጠጠር በአባቱ መዳፍ ላይ አኖረው። አባትየውም የልጁን እጅ ይዞ ዓይኑ እንባ ሞላ።

በዚያ ቀን ሌላ ነገር አላዩም። ወደ ማደሪያቸው ሲመለሱ ሕፃኑ በአባቱ ትከሻ ላይ ነበረ።

ወደ ደምበጫ በተመለሱ ጊዜ ጎረቤቶች ተሰበሰቡና ሕፃኑን፥ «በአዲስ አበባ ምን አየህ?» ብለው ጠየቁት። እርሱም፥ «ወፍ ውኃ ጠጣች» አላቸው። ሁሉም ሳቁ። አንዱም፥ «ወፍስ በደጃችን ሞልቶ የለምን? ለዚህ ነው ሙክት የሸጥኸው?» አለ። አባትየው ግን አልተቈጣም። «እርሱ ወፍ አየ፤ እኔም ልጄን አየሁ። ገንዘቤ በከንቱ አልጠፋም» ብሎ መለሰለት። አሮጊት እናቱም ይህን ሰምታ ፈገግ አለች፤ ነግሬህ አልነበረምን ግን አላለችውም።

ከአምስት ዓመት በኋላ፥ በ2010 ዓ.ም.፥ ልጁ ትምህርት ቤት ገብቶ በመጽሐፍ ላይ የአንበሳ ሥዕል አየ። ወደ ቤቱም ሮጦ፥ «አባባ፥ አንበሳ በእውነት ይህን ያህል ትልቅ ነውን? ውሰደኝና ልየው» አለ። አባትየውም ወሰደው። በዚያን ጊዜ ልጁ በአጥሩ አጠገብ ሳይፈራ ቆመ፤ ስለ ጎፈሩ፥ ስለ ምግቡ፥ ስለ እንቅልፉም አንድ በአንድ ጠየቀ። አንበሳውም ባገሣ ጊዜ የአባቱን እጅ ጠበቅ አድርጎ ያዘ እንጂ አላለቀሰም። አያቱ የተናገረችው ቃል በጊዜው ተፈጸመ።

ልጆች ሆይ፥ ከእናንተ ብዙዎቻችሁ በቤታችሁ ታናሽ ወንድም ወይም ታናሽ እኅት አላችሁ። እናንተ ፊደል ተምራችኋል፤ እርሱ ግን ገና አልተማረም። እናንተ ወንዙን በዝላይ ትሻገራላችሁ፤ እርሱ ግን ከዳር ቆሞ ያለቅሳል። በዚህ ጊዜ አትሳቁበት፤ አትምቱትም። መጀመሪያ ዝቅ ብላችሁ እርሱ ከቆመበት ስፍራ ተመልከቱ። ለእናንተ ቀላል የሆነው ነገር ከዚያ ሲያዩት ከባድ ሆኖ ታገኙታላችሁ። ሀ እና ሁን ስታስተምሩትም አንድ ቀን አንዲት ፊደል ቢይዝ ይበቃዋል። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል ይባላልና።

በመዳፋችሁም ጠጠር ቢያኖርላችሁ አትጣሉት። ሌላ የሚሰጠው ነገር የለውምና።