ጀልባው ስንት ሰው ይይዛል?

ካታማራን ለመከራየት ስንነሳ ከስድስታችን አንዳችንም ጀልባ ነድተን አናውቅም። ያደግነው ከባሕር ርቀን ነው፤ የውሃ ሽርሽር ሲባል የምናውቀው የቢሾፍቱንና የሐዋሳን ሐይቅ ነው። ዛሬ ሁላችንም ሜሪላንድ ነን። አንድ የሥራ ባልደረባዬ ከብሪቲሽ ቨርጂን ደሴቶች ይዞት የመጣውን ፎቶ ግሩፓችን ላይ ለጠፍኩት፤ በዚያው ምሽት እንደ እቁብ በየወሩ ለማዋጣት ተስማማን። ሰብሳቢው እኔ፣ ኤክሴሉም የእኔ።

ለማያውቅ፦ ካታማራን ሁለት ቀጫጭን አካሎች ጎን ለጎን ሆነው መሀላቸው ወለል የተዘረጋበት ጀልባ ነው። በሸራ ሲሄድ እንደ ባለ አንድ አካሉ ወደ ጎን አይጋደምም፤ ጀበና ከሞላ ጎደል ባለበት ይቆያል። አከራዮች ያለ ካፒቴን የሚሰጡት የባሕር ልምዱን በወረቀት ለሚያሳይ ሰው ነው። እኛ ያለን የመኪና መንጃ ፈቃድ ብቻ ስለሆነ ካፒቴን ቀጠርን። እሱ አንዱን መኝታ ይወስዳል፣ ምግቡም በእኛ ነው። ውሃው ደግሞ በታንከር ተለክቶ ነው፤ ሻወር በፈረቃ ይሆናል ስል አዲስ አበባ ያደጉት ሳቁ።

ጊዜው አከራከረን። ከታኅሣሥ እስከ መጋቢት ዋናው ወቅት ነው፤ ዋጋውም ነፋሱም ይጠነክራል። ከዚያ ላይ ሁዳዴ አለ፤ ግማሾቻችን እንጾማለን፣ ዓሣ ይበላል አይበላም የሚለውን ክርክር ይዤ ባሕር መሀል መግባት አልፈለግኩም። ክረምቱ ርካሽ ነው፣ ግን ከሰኔ እስከ ኅዳር የአውሎ ነፋስ ወቅት ነው። ኢርማ የተባለው አውሎ ነፋስ እነዚህን ደሴቶች የመታው እ.ኤ.አ. መስከረም 6 ቀን 2017 ነበር፤ በመጨረሻው በ5ኛው ደረጃ ላይ ሆኖ። ስለዚህ ፋሲካ ካለፈ በኋላ፣ ግንቦት ውስጥ ገባን። ነፋሱም ያኔ ረገብ ይላል።

ይህ ሁሉ ሲወራ የአክስቴ ልጅ ዝም ብላ ታነብ ነበር። እታለም ነው የምላት፤ በአምስት ዓመት ትበልጠኛለች። አንድ ቀን ከሌሊቱ ሰባት ሰዓት ላይ ጻፈች።

«ጀልባው ስንት ሰው ይይዛል?»

ስምንት አልኳት። ቀጠለች። የነፍስ አድን ጃኬት ለሁሉም አለው? ሌሊት ይሄዳል?

እታለም በ2004 ዓ.ም. ከኦቦክ ተነስታ ወደ የመን የተሻገረች ናት። በሌሊት ነው የተሳፈሩት። በአንዲት የእንጨት ጀልባ ከመቶ በላይ ነበርን ትላለች፤ ከዚያ በላይ ብዙ አታወራም። ከየመን ሳዑዲ ገባች፣ በ2006ቱ ግርግር ወደ አገር ቤት ተመለሰች፣ በኋላ በባሏ በኩል አሜሪካ መጣች። ቤተሰቡ ይህን ያውቃል፤ ማንም አያነሳውም።

ደወልኩላት። ተራራ ላይ ቤት ተከራይተን እንሂድ፣ ለማንም ምክንያቱን አልናገርም አልኳት።

«እኔን ሰበብ አታድርጉኝ፤ ገንዘቤን አዋጥቻለሁ እኮ» አለች። «የጠየቅኩህን ብቻ መልስልኝ።»

መለስኩ። ጃኬቱ ለእያንዳንዱ ሰው አለ። ሌሊት ጉዞ የለም፤ ውላችን ጀምበር ሳትጠልቅ እንድንቆም ያስገድዳል። ካፒቴኑ ባሕሩ ላይ የታሰረ ተንሳፋፊ ኳስ ፈልጎ በገመድ ያስረናል፣ እዚያው እናድራለን።

መንገዱንም ላክሁላት። በዚያ አካባቢ ነፋሱ አብዛኛውን ጊዜ ከምሥራቅ ነው፤ ስለዚህ ድካሙ መጀመሪያ ላይ ይሁን አልን። ከቶርቶላ ኖርማን ደሴት፣ ከዚያ ነፋሱን እየተጋፈጥን ወደ ቨርጂን ጎርዳ። እዚያ ዘ ባዝስ የሚባል ቦታ አለ፤ ቤት የሚያካክሉ የግራናይት ቋጥኞች ተደራርበው በሥራቸው ባሕሩ ይገባል። በጠዋት ካልተደረሰ ማሰሪያው ይሞላል። መመለሻው ነፋሱን ከኋላ አድርጎ በዮስት ቫን ዳይክ በኩል ነው።

የቀረችው አኔጋዳ ነበረች። ከቨርጂን ጎርዳ ወደ ሰሜን 24 ኪሎ ሜትር ገደማ ትርቃለች። ሌሎቹ ደሴቶች ተራራ ናቸው፣ ከሩቅ ይታያሉ፤ አኔጋዳ ግን ከኮራል የተሠራች ዝርግ መሬት ናት፣ ከፍተኛው ቦታዋ 10 ሜትር አይሞላም። እስኪጠጓት ድረስ ፊት ለፊት የሚታየው ውሃ ብቻ ነው። ዙሪያዋን ሆርስሹ የሚባል የኮራል ድንጋይ አለ፤ ብዙ መርከብ ሰብሯል። ልጆቹ ግን በሎብስተሯ አብደዋል። ባብ ኤል መንደብም በጠባቡ ቦታ 30 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ይህን ለማንም አልነገርኩም፣ ካርታው ላይ ለብቻዬ ለካሁት።

ድምፅ ስንሰጥ አኔጋዳን ማስቀረት የሚለውን አማራጭ ጨመርኩበት። እታለም ሁለት ቀን ሳትመልስ ቆየች። ሦስተኛው ቀን በድምፅ ላከችው፤ ከጀርባዋ የልጇ የካርቱን ጩኸት ይሰማል።

«አኔጋዳ እንሂድ። ቀን ከሆነ፣ መሬት እስኪታይ ድረስ ካፒቴኑ አጠገብ የምቀመጠው እኔ ነኝ። ደግሞ ስንሳፈርም ስንወርድም ሰው የምቆጥረው እኔ ነኝ። ሌላ ሰው አይቁጥር።»

ከልጆቹ አንዱ የሳቅ ምልክት ለጠፈ፤ ትንሽ ቆይቶ አጠፋው።

ዓርብ ቀብዱን ከፈልኩ። ኤክሴሉ ላይ የሥራ ክፍፍል የሚል ገጽ አለን፦ ቡና፣ እቃ ማጠብ፣ ሽሮና ድርቆሽ ማምጣት። ከሥሩ «ቆጠራ» ብዬ አንድ መስመር ጨመርኩና የእታለምን ስም ጻፍኩበት። ማታ ገብታ አስተካክላዋለች፤ ስድስት የሚለውን ሰባት አድርጋዋለች። ካፒቴኑንም ቆጥራ።