የውሸት ትርጉም

ቋንቋ በማስተማር ብዙ ዘመን ያሳለፈ ሰው ሆን ተብሎ የተሠራ የውሸት ትርጉም ሲያጋጥመው መቆጣቱ አይቀርም። እኔም አንድ የተማሪዎች መመዝገቢያ ፕሮግራም ከእንግሊዝኛ ወደ አማርኛ ሲመለስ ቃላቱን እንዳይ በተጠራሁበት ዕለት ተቆጥቻለሁ። ወጣቱ የፕሮግራም ባለሙያ የከፈተልኝ ገጽ አማርኛም እንግሊዝኛም አልነበረም። የላቲን ፊደላት ራሳቸው ላይ ጭረትና ነጥብ ተጭኖባቸው፣ እያንዳንዱ ቃል ያለ ቅጥ ተለጥጦ፣ ግራና ቀኙ በቅንፍ ታጥሮ ተደርድሯል።

«ጋሼ፣ ይህ እኮ ትርጉም አይደለም፤ እውነተኛው ትርጉም ሲመጣ ቦታው ይበቃው እንደሆነ የምንለካበት ነው» አለኝ።

ነገሩ ሲብራራልኝ ቁጣዬ ወደ አድናቆት ተለወጠ። በቴአትር ቤት የመብራት ባለሙያው ብርሃኑን ሲያስተካክል፣ ተዋናዩ በሚቆምበት ስፍራ ሌላ ሰው ዝም ብሎ ይቆምለታል፤ የውሸት ትርጉምም ተግባሩ ይኸው ነው። መዝጊያው ቅንፍ ካልታየ የጽሑፉ ጫፍ ተቆርጧል ማለት ነው። በዚያ ሁሉ ጭረት መካከል አንድ ንጹሕ የእንግሊዝኛ ቃል ብቅ ካለ ደግሞ፣ ያ ቃል ለተርጓሚ ከተዘጋጀው ዝርዝር ውጭ በፕሮግራሙ ሆድ ውስጥ ተቀብሯልና ማንም ተርጓሚ አይደርስበትም። ማይክሮሶፍት በዊንዶውስ ቪስታ ውስጥ እንዲህ ያሉ የውሸት ቋንቋዎችን አካቶ ነበር፤ በአንድሮይድም ውስጥ አሉ፤ እንደ ዐረብኛ ከቀኝ ወደ ግራ የሚጻፍ ዓይነት ሳይቀር።

ይሁን እንጂ ይህ ልብስ የተለካው በእኛ ቁመት አይደለም። ቃላቱን የሚለጥጡት እንደ ጀርመንኛ ያሉት ቋንቋዎች ከእንግሊዝኛ ረዘም ስለሚሉ ነው። የእኛ ፊደል ግን ተነባቢውንና አናባቢውን በአንድ ምልክት ስለሚይዝ፣ በእንግሊዝኛ ስምንት ፊደል የሚፈጀው «ሴቲንግስ» በአማርኛ «ቅንብር» ተብሎ በአራት ያልቃል። የእኛ ችግር ርዝመቱ ሳይሆን ከፍታው ነው። ፊደላችን እ.ኤ.አ. በ1999 በ345 ምልክቶች ዩኒኮድ ከሚባለው ሠንጠረዥ ከገባ ወዲህ ኮምፒዩተር ያውቀዋል፤ የመስመሩን ከፍታ የሚወስነው ግን አሁንም ሰው ነው።

ስለዚህ የውሸቱ ጽሑፍ በገዛ ፊደላችን እንዲሆን ጠየቅሁ። ትርጉም የሌላቸውን «ኘሟቸሷቧ»ን የመሳሰሉ ቃላት፣ ራሳቸው ላይም እግራቸው ሥርም ጭረት ያለባቸውን ፊደላት እየመረጥሁ ጻፍሁለት። (እንደዚያን ቀን በደስታ የጻፍሁት ድርሰት የለም።) የ«ቧ» እግር በመስመሩ ጠርዝ ተቆርጦ «በ» መስሎ ታየ። ወጣቱም መስመሩን ከፍ አደረገ፤ ፈተናውን ያለፍን መሰለን።

እውነተኛውን ትርጉም አስገብተን የመጀመሪያዋን ተማሪ ስንመዘግብ ገጹ ላይ የወጣው «አልማዝ ተመዝግቧል» የሚል ነበር። «ቧ» ሙሉ እግሩን ዘርግቶ ቆሟል፤ አልማዝ ግን ወንድ ሆናለች። እንግሊዝኛው ለሁሉም ተማሪ አንድ ግሥ ስለሚበቃው፣ ፕሮግራሙ ስሙን ከፊት እየቀጠለ ያንኑ ዐረፍተ ነገር ለሁሉም ይሰጣል። የውሸት ቃል ጾታ የለውምና ይህን ሊነግረን አልቻለም።

«ተመዝግበዋል ብንለውስ ጋሼ? ለሴትም ለወንድም ይሆናል» አለ ወጣቱ፤ ብልኅነቱ ደስ ቢለኝም አልተቀበልሁትም። የሰባት ዓመት ልጅን አንቱ የሚል መዝገብ አክብሮት ሳይሆን ቀልድ ነው። «የአልማዝ ምዝገባ ተጠናቋል» ማለትም ይቻል ነበር፤ ሰዋስዉ እንከን የለበትም፤ ነገር ግን ልጅቱን ከዐረፍተ ነገሩ ባለቤትነት አውርዶ ምዝገባውን ይሾመዋል። ጾታዋ በቅጹ ላይ አስቀድሞ ተሞልቷልና ሁለት ዐረፍተ ነገር እንዲጻፍ አጥብቄ ተሟገትሁ። ይህም የሦስት ቀን ተጨማሪ ሥራ ጠየቀ፤ ወጣቱም ሦስቱን ቀን አኩርፎኝ ሠራው።

ምዝገባው በተጀመረ በሁለተኛው ሳምንት የመዝገብ ቤቷ ሠራተኛ ስልክ ደወሉልኝ። ከሌላ ትምህርት ቤት የተዛወረች ተማሪ ስትመዘገብ ብቻ የሚከፈት አንድ ገጽ አለ። «መምህር፣ እዚህ ላይ ኘሟቸሷቧ የሚል ወጥቷል፤ ምን ማለት ነው? ወላጆቿ ቆመው እየጠበቁ ነው» አሉኝ።